ለደንበኛ ድጋፍ የሚሆን የራውተር ፈርምዌር ማኅደር እንዴት ይደራጃል?

የኔትወርክ ዕቃ የሚሸጥ ወይም የሚጠግን ቤት ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ «ፈርምዌር» የሚል ፎልደር አያጣም፤ ፈርምዌር ማለት ራውተሩ ውስጥ ተጭኖ ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው። ሲከፈት «አዲሱ»፣ «አዲሱ 2»፣ «ይሄ ይሠራል» የሚሉ ፋይሎች ታጭቀውበታል። የትኛው ለየትኛው ራውተር እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ያወረደው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ቀይሯል።

ይህ መመሪያ ያንን ፎልደር ማንም ባልደረባ ከፍቶ ሊተማመንበት ወደሚችል ማኅደር ስለመቀየር ነው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከሁለት የራውተር አምራቾች፣ ከቲፒ-ሊንክና ከማይክሮቲክ፣ ናቸው። ሁለቱ ፋይሎቻቸውን የሚያወጡበት መንገድ በጣም ስለሚለያይ፣ እነሱን የለመደ ሰው በሌሎቹ ብዙም አይቸገርም።

«አምራቹ ድረ ገጽ ላይ እያለ ለምን እናስቀምጣለን?» ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። አምራቾች የቆዩ ቨርዥኖችን ያነሳሉ፤ ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ የማውረጃ ገጹም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። አዲሱ ቨርዥን አንድ ደንበኛ ጋ ዋይፋይ እያቋረጠ ካስቸገረ ደግሞ የምትፈልጉት ከእሱ በፊት የነበረውን ነው። የደንበኛው ኢንተርኔት የሞተው በራውተሩ ምክንያት ሲሆን ደግሞ እዚያው ቆሞ ፋይል ማውረድ አይቻልም።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን በትክክል መለየት

ከሁሉም ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ራውተሩን ገልብጡት። ከሥሩ ካለው ስቲከር ላይ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የሞዴሉ ስም፣ የሃርድዌር ቨርዥኑ፣ የተሠራለት ገበያ። ሰው ሁሉ የሚያነበው የመጀመሪያውን ነው፤ ራውተር የሚገድሉት ግን የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

ቲኤል-ደብሊውአር841ኤን የሚባለውን የቲፒ-ሊንክ ራውተር ውሰዱ። ስሙ ሳይቀየር ከሃርድዌር ቨርዥን 1 እስከ 14 ድረስ ወጥቷል። ቨርዥን 8 ውስጡ የአቴሮስ ቺፕ ነው፤ ቨርዥን 13 የሚዲያቴክ። ቨርዥን 13 ላይ 8 ሜጋባይት ፍላሽ ሜሞሪ አለ፤ ከእሱ ኋላ በመጣው ቨርዥን 14 ላይ ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ። ቁጥሩ ስለጨመረ ዕቃው አድጓል ማለት አይደለም። ከውጭ አንድ የሚመስሉት እነዚህ ሳጥኖች ከውስጥ የተለያዩ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም።

ገበያው ደግሞ ለእኛ አገር ልዩ ራስ ምታት ነው። አንዱ ራውተር ከመርካቶ ተገዝቷል፣ ሌላው ከዱባይ በሻንጣ መጥቷል፣ ሦስተኛውን ከአሜሪካ ዘመድ ልኮታል። ቲፒ-ሊንክ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ የተለያየ ፋይል ያወጣል፤ ልዩነቱ በፋይሉ ስም ውስጥ በሁለት ፊደል ይጠቀሳል። የተሳሳተ ፋይል መጫን ዕቃውን ሊያበላሽና ዋስትናውን ሊያሳጣ እንደሚችል ኩባንያው ራሱ በማውረጃ ገጾቹ ላይ ያስጠነቅቃል። የገበያው ልዩነት በሥራም ይታያል፦ ለአሜሪካ የተሠራ ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚያሠራው ከቻናል 1 እስከ 11 ያለውን ሲሆን የአውሮፓው እስከ 13 ይሄዳል። ስለዚህ ማኅደራችሁ ውስጥ ገበያው ራሱን የቻለ ፎልደር ይኑረው።

ማይክሮቲክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ፋይሉ የሚመረጠው በሞዴል ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ሲስተም ከሚለው ሜኑ ሪሶርስስ ውስጥ ብትገቡ አርኪቴክቸሩ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ሃፕ ላይት የሚባለው ሞዴል ኤስሚፕስ ነው፤ ሃፕ ኤሲ ስኩዌርድና አርቢ4011 አርም ናቸው፤ አርቢ5009 አርም64፣ ሄክስ የሚባለው አርቢ750ጂአር3 ኤምሚፕስ፣ አርቢ951 ሚፕስቢኢ። አንድ የአርም ፋይል ብዙ ሞዴል ስለሚያገለግል የማይክሮቲክ ማኅደር ከቲፒ-ሊንኩ በጣም ያነሰ ቦታ ይፈልጋል።

ከኢትዮ ቴሌኮም ወይም ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለደንበኛው የተሰጠ ሳጥን ሲገጥማችሁ ማኅደሩን ዝጉት። አገልግሎት ሰጪዎች የሚያከፋፍሏቸው ሞደሞች ብዙውን ጊዜ ለእነሱ ተብሎ የተስተካከለ ፈርምዌር ይዘው ይመጣሉ፤ ማሻሻያውንም ቲአር-069 በሚባለው ከርቀት ማስተዳደሪያ ሥርዓት በኩል መላክ ይቻላል። አምራቹ ለገበያ ያወጣው ፋይል እዚያ ላይ ቢጫን ደንበኛው ከመስመሩ ጋር የሚገናኝበት ቅንብር ሊጠፋ ይችላል። የእናንተ ድርሻ ቨርዥኑን ጽፎ መያዝና ጉዳዩን ወደ ባለቤቱ መምራት ነው።

ደረጃ 2፦ መረጃውን ከደንበኛው መቀበል

አብዛኛው ጥሪ በስልክ ነው። «ሞዴሉ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ቲፒ-ሊንክ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጋሼ፣ ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያዩልኛል? ቪ ፊደልና ቁጥር ያለበትን ይንገሩኝ።»

«ዓይኔ አያነበውም ልጄ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልላክልህ?»

ፎቶው ከሁሉም ይሻላል፤ ቁጥር በስልክ ሲነበብ 5ና 6 ይምታታል። ነገር ግን ያ ስቲከር ላይ የዋይፋዩ መነሻ ፓስወርድና ሲሪያል ቁጥሩም አሉ። ፓስወርዱን በጣታቸው ሸፍነው እንዲያነሱ ንገሯቸው፤ ሞዴሉን ከመዘገባችሁ በኋላ ፎቶውን አጥፉት። የድጋፍ ግሩፕ ውስጥ የደንበኛ ስቲከር ተለጥፎ መክረም የለበትም።

በዚያው ጥሪ አሁን ያለውን የፈርምዌር ቨርዥን ጠይቁ። ራውተሩ ገጽ ላይ ስታተስ በሚለው ሥር ወይም ሲስተም ቱልስ ውስጥ ይገኛል። ይህን ሳያውቁ «አፕግሬድ ያድርጉ» ማለት ብዙ ጊዜ ደንበኛውን ያለውን ቨርዥን መልሶ ማስጫን ነው።

ደረጃ 3፦ ማውረድ

ምንጩ አንድ ብቻ ነው፦ የአምራቹ ድረ ገጽ። በፍለጋ ውጤት ላይ ከፊት የሚመጡት «ነፃ ፈርምዌር» የሚሉ ገጾች፣ በቴሌግራም ቻናል የሚዞሩ ፋይሎች፣ ሰው ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀመጣቸው፣ ሁሉም ይቅሩ። ራውተር የደንበኛው ኢንተርኔት በሙሉ የሚያልፍበት በር ነው፤ በፈረንጆች 2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ማልዌር ሲጋለጥ በ54 አገሮች ከ500,000 ያላነሱ ዕቃዎች፣ በተለይ የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ራውተሮች፣ ተይዘው ነበር።

ቲፒ-ሊንክ ላይ ስትገቡ መጀመሪያ የገጹን አገር አስተካክሉ። ያው ሞዴል በአሜሪካው ገጽና በዓለም አቀፉ ገጽ የተለያየ ፋይል ሊያሳይ ይችላል። ከዚያ የሃርድዌር ቨርዥኑን ከዝርዝሩ ምረጡ፤ ገጹ ሲከፈት ራሱ የመረጠው ቨርዥን የእናንተ ላይሆን ይችላል። የምታወርዱት የታሸገ ዚፕ ፋይል ነው። ዚፑን ከነሙሉ ይዘቱ አስቀምጡ፤ አብረው የሚመጡትን የመጫኛ መመሪያና ሌሎች ሰነዶች ነገ ትፈልጓቸዋላችሁ። በማውረጃ ገጹ ላይ ከፋይሉ ጎን የተጻፈውን የለውጥ ማስታወሻም ቀድታችሁ በጽሑፍ ፋይል አኑሩ፤ ገጹ ሲነሳ ማስታወሻውም አብሮ ይሄዳል። ለጊዜው የማትፈልጉት ቢመስልም ከሦስት ዓመት በኋላ «ይህ ቨርዥን ምን አስተካክሎ ነበር?» ለሚል ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጪ የለም።

የቲፒ-ሊንክ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ስድስት አሃዝ ታያላችሁ። 200721 የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2020 ሐምሌ ወር 21ኛው ቀን ማለት ነው። በቆዩ ሞዴሎች ስም ውስጥ ደግሞ «ቡት» የሚል ቃል ከገባ ፋይሉ የማስነሻ ፕሮግራሙን፣ ቡትሎደሩን፣ ጨምሮ ይዟል። ከኦፕንደብሊውአርቲ (በአምራቹ ፈርምዌር ፋንታ ከሚጫነው ነፃ ፈርምዌር) ወደ ፋብሪካው ፈርምዌር ለመመለስ ስትፈልጉ እንዲህ ያለውን ፋይል እንዳለ መጫን ራውተሩን ይገድለዋል። በእነዚያ ሞዴሎች ላይ መጀመሪያ ያሉትን 131,584 ባይቶች፣ ማለትም 257 ጊዜ 512፣ መቁረጥ ያስፈልጋል። መዝገባችሁ ላይ «ቡት አለው» የሚል ምልክት ይኑር።

ማይክሮቲክ ሥራ ያቀላል፤ የቆዩ ቨርዥኖችን ራሱ በማውረጃ ገጹ ያስቀምጣል። ሎንግ-ተርም፣ ስቴብል፣ ቴስቲንግና ዴቨሎፕመንት የሚባሉ መስመሮች አሉት፤ ለደንበኛ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ውጭ አትውሰዱ። ዋናውን ፓኬጅ (የፈርምዌሩን ዋና ፋይል) ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ ፓኬጆቹ የታሸጉበትን ዚፕም አውርዱ። ከ7.13 ጀምሮ የዋይፋዩ ክፍል ከዋናው ፓኬጅ ተነጥሎ ለብቻው ስለሚመጣ፣ ዋናውን ብቻ ይዞ ደንበኛ ቤት የሄደ ሰው ዋይፋይ የሌለው ራውተር ታቅፎ ይቀራል።

ለኦፕንደብሊውአርቲ ለአንድ ዕቃ ሁለት ፋይል ታገኛላችሁ። ፋክተሪ የሚለው ከፋብሪካ ፈርምዌር ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ ለመሻገር ነው፤ ሲስአፕግሬድ የሚለው ቀድሞውኑ ኦፕንደብሊውአርቲ ላለበት። ሁለቱንም ያዙ፤ ፎልደራቸው ግን ይለያይ።

ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ በብራውዘር ፋንታ ደብሊውጌት የሚባለውን የማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ መስመሩ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። በግማሽ የወረደ ፋይል ስሙም ዓይነቱም ከሙሉው አይለይም፤ ለዚህም ነው ቀጣዩ ደረጃ የማይዘለለው።

ደረጃ 4፦ ሃሽ መውሰድ

ሃሽ የፋይሉ አሻራ ነው፤ አንዲት ቢት ብትቀየር እሱም ይቀየራል። ኤስኤችኤ-256 የሚባለውን ውሰዱ፤ 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣዋል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ከፍታችሁ ጌት-ፋይልሃሽ የሚለውን ትዕዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ብትሰጡ ሌላ ሳትጨምሩ ይህንኑ ያወጣላችኋል። ሊኑክስ ላይ ኤስኤችኤ256ሰም አለ። ኤምዲ5 የሚባለውን የቆየ የሃሽ ዓይነት ለደኅንነት አትመኑት፤ አንድ ዓይነት ኤምዲ5 ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች መሥራት እንደሚቻል በፈረንጆች ከ2004 ጀምሮ ይታወቃል።

ማይክሮቲክና ኦፕንደብሊውአርቲ ሃሹን ራሳቸው ስለሚያወጡ ከእናንተው ጋር አስተያዩት። ብዙ የቤት ራውተር አምራቾች ግን አያወጡም። ለእነሱ ሁለት ሰው በሁለት የተለያየ መስመር፣ ለምሳሌ አንዱ በቢሮው ፋይበር ሌላው በሞባይል ዳታ፣ ያንኑ ፋይል ያውርድና ሃሹ ይመሳከር። ይህ የአምራቹ ሰርቨር ራሱ ተነክቶ ከሆነ አያድናችሁም፤ በመንገድ ላይ የተበላሸ ወይም የተቆረጠ ፋይልን ግን ይይዛል፤ በሥራ ላይ ደጋግሞ የሚገጥመውም እሱ ነው።

ሃሹ ያልተወሰደለት ፋይል ማኅደር ውስጥ አይግባ። ለዚህ ደንብ ልዩ ሁኔታ ባትፈቅዱ እመክራለሁ፤ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የገባ ፋይል ነው ለዓመታት የሚቀመጠው።

ደረጃ 5፦ ፎልደሩና መዝገቡ

የፎልደሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ አምራች፣ ሞዴል፣ የሃርድዌር ቨርዥን፣ ገበያ፣ የፈርምዌር ቨርዥን። ለማይክሮቲክ ደግሞ አምራች፣ አርኪቴክቸር፣ ቨርዥን። የፎልደሮቹን ስም በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ፤ አንዳንድ የመጫኛ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል ሲያይ ይደናገራል። የፋይሉን የመጀመሪያ ስም ግን በምንም ምክንያት አትቀይሩ። መለያውን የሚሸከመው ፎልደሩ ነው።

ከጎኑ አንድ የኤክሰል መዝገብ ይኑር፤ እሱ በአማርኛ ቢሆን ደስ ይላል። ዓምዶቹ፦ ሞዴል፣ የሃርድዌር ቨርዥን፣ ገበያ፣ የፈርምዌር ቨርዥን፣ ከየትኛው አድራሻ እንደወረደ፣ መቼ፣ በማን፣ ሃሹ፣ ሁኔታው፣ ማስታወሻ።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር ተስማሙ፤ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ። የፋይሎቹ ስምና የአምራቹ ማስታወሻ በፈረንጆች ስለሆነ መዝገቡም በፈረንጆች ቢሆን ይቀላል። 12/01/2016 ተብሎ ተጽፎ ወሩና ቀኑ፣ ከዚያም አልፎ አቆጣጠሩ ራሱ ያልታወቀ መዝገብ ለማንም አይጠቅምም። ዓመት አስቀድማችሁ፣ ወር፣ ቀን አስከትሉ፤ ኤክሰልም ሲደረድር በትክክል ይደረድርላችኋል።

ደረጃ 6፦ የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ይታገድ

ሁሉን ማስቀመጥ አያስፈልግም። ለአንድ ዕቃ ሦስት በቂ ነው፦ የመጨረሻው፣ እናንተ በሥራ ፈትናችሁ ያመናችሁበት፣ እና ወደ አዲሱ ለመሻገር ግድ የሚሆን መሸጋገሪያ ካለ እሱ። መሸጋገሪያው የሚረሳ ነው። ማይክሮቲክ ላይ ከ7.12 በታች ያለ ዕቃ ወደ 7.13 ወይም ከዚያ በላይ ለመሄድ መጀመሪያ 7.12 ላይ ማረፍ አለበት። ስለዚህ 7.12 የቆየ ነው ተብሎ እንዳይጠፋ መዝገቡ ላይ «መሸጋገሪያ» ተብሎ ይጻፍ።

የሁኔታ ዓምዱ ላይ «የሚመከር»፣ «መሸጋገሪያ»፣ «የታገደ» የሚሉት ሦስት ቃላት ብቻ ይግቡ። የታገደ ማለት የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ ስላለው ደንበኛ ላይ የማይጫን ነው። እዚህ ላይ ቁጥር ብቻ እያዩ መወሰን ያሳስታል። በፈረንጆች 2018 ዊንቦክስ በሚባለው የማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ መሣሪያ ላይ የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ ከርቀት ለማንበብ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። ማስተካከያው በስቴብል መስመር በ6.42.1፣ በቆየው መስመር ደግሞ በ6.40.8 ወጣ። እንግዲህ 6.40.8 የተጠገነ ነው፤ በቁጥር የሚበልጠው 6.41 ግን ቀዳዳው አለበት። «ከ6.40 በላይ ሁሉ ደህና ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ደንበኛውን ክፍት ትቶታል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሳይነካ የቆየ ራውተር ካጋጠማችሁ አፕግሬድ ማድረጉ ብቻ አይበቃም፤ ፓስወርዱ ቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይቀየር።

የታገዱትን ሰው በስህተት እንዳይከፍታቸው ወደ ሌላ ፎልደር አውጧቸው።

ደረጃ 7፦ የነፍስ አድን ፎልደር

የሞተ ራውተር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ለብቻው ይቀመጥ፣ ላፕቶፕ ላይም ቅጂው ይኑር። ለማይክሮቲክ ኔትኢንስቶል የሚባለው ፕሮግራምና የየአርኪቴክቸሩ ፓኬጅ ነው። ኮምፒውተሩን በኬብል በቀጥታ አገናኝታችሁ፣ ሪሴት ቁልፉን እንደያዛችሁ መብራት ሰጥታችሁ ታስነሱታላችሁ፤ ቅንብሩን ግን ሊያጠፋው ስለሚችል ኤክስፖርቱ (ቅንብሩ በጽሑፍ የወጣበት ፋይል) ቀድሞ በእጃችሁ ይሁን።

ለብዙዎቹ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች፣ 841ኤንም አርቸር ሲ7ም በብዙ ቨርዥናቸው፣ ቲኤፍቲፒ የሚባል፣ ራውተሩ ፋይል ከኮምፒውተር በኬብል የሚቀበልበት ቀላል መንገድ አለ። የኮምፒውተሩን አይፒ 192.168.0.66 አድርጉ፣ ቲኤፍቲፒ ሰርቨር አስነሱ፣ ሪሴት ተጭናችሁ ራውተሩን አብሩ። ራውተሩ 192.168.0.86 ሆኖ መጥቶ አንድ የተወሰነ ስም ያለው ፋይል ይጠይቃል፤ ስሙ ቲፒ ሪከቨሪ የሚለውን ቃል የያዘ ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ ሞዴሉና የሃርድዌር ቨርዥኑም ይገቡበታል። በአንድ ፊደል ቢሳሳት አይወስደውም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የፋይሉን ቅጂ ስሙን ቀይራችሁ በዚሁ ፎልደር አኑሩ፤ ዋናው በቦታው ይቆይ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ጥያቄውን እንዳይዘጋው ማየትም አትርሱ፤ «አልሠራም» ከሚሉት ሙከራዎች ብዙዎቹ እዚያ ላይ የቀሩ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ደንበኛ ጋ ሲጫን

ሃሹን እንደገና አስተያዩ፤ ፍላሽ ዲስክ ፋይል ያበላሻል። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ጫኑ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ ካልያዛችሁ ቀጠሮውን አዛውሩት፤ ፍላሽ ሜሞሪው እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ወደ ደረጃ 7 ትመለሳላችሁ።

ቅንብሩን ቀድማችሁ አውጡ። ማይክሮቲክ ላይ ባክአፕ የሚባለው ለዚያው ዕቃ ብቻ የሚሆን ነው፤ ኤክስፖርት ግን የሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ ወደ ሌላ ራውተርም ይሄዳል። በቨርዥን 7 ላይ ኤክስፖርቱ ፓስወርዶችን ካላዘዛችሁት በቀር አያወጣም። ቲፒ-ሊንክ ላይ ደግሞ የፒፒፒኦኢውን (ራውተሩ ወደ አገልግሎት ሰጪው መስመር የሚገባበትን) የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ በወረቀት ያዙ፤ ወደ ቆየ ቨርዥን ስትመልሱ የተቀመጠው የቅንብር ፋይል ላይነበብ ይችላል። እነዚህ የደንበኛ ፋይሎች ከፈርምዌር ማኅደሩ ጋር አይቀላቀሉ፤ ሥራው ሲያልቅም ደንበኛው ካልፈለገ ይጥፉ።

ደረጃ 9፦ ቅጂና ፈቃድ

የቤት ራውተር ፈርምዌር ትንሽ ነው። አንዱ 16 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ 300 ፋይል 5 ጊጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ቅጂ ለመያዝ ሰበብ የለም፦ አንድ ቢሮ ሰርቨር ላይ፣ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ከቢሮው ውጭ። መጻፍ የሚችሉት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ሌላው ማንበብ ብቻ።

ፋይሎቹ የአምራቹ ንብረት ናቸው። ለራሳችሁ ድጋፍ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በራሳችሁ ድረ ገጽ ወይም ቻናል ለሕዝብ ማከፋፈል ሌላ፣ የአምራቹን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ለደንበኛ የምትልኩት የአምራቹን ገጽ አድራሻ ይሁን፤ ገጹ ከጠፋ ዕቃውን ራሳችሁ ጋ አስመጥታችሁ ጫኑለት።

በየሦስት ወሩ አንድ ሰው መዝገቡን ከፍቶ የአምራቾቹን ገጾች ይይ፤ አዲስ የወጣውን ያስገባ፣ የተነሳውን ገጽ ምልክት ያድርግበት፣ የሁሉንም ፋይሎች ሃሽ እንደገና አውጥቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። ያልገጠመ ከተገኘ ከሌላው ቅጂ ይተካል፤ ሃርድ ዲስኩም ይመረመራል።